ጥፋተኛው ይቆይ፣ መጀመሪያ ገመዱ ይፈለግ፦ ለባሕር ዳር ትምህርት ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በባሕር ዳር ከተማ ለምትገኙ ርዕሳነ መምህራን፣ የአይሲቲ መምህራንና የኮምፒውተር ላብ ቴክኒሺያኖች
ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤት ኔትወርክን ቀጥ ስለሚያደርገው ሉፕ

ጤና ይስጥልኝ።

እንጀራዬ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ነው። ከፋሲሎ እስከ ዓባይ ማዶ የጠራኝ ትምህርት ቤት ሁሉ ዘንድ እሄዳለሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ሰሞኑን አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳዩ በብዙ ግቢ አለ። የሞዴል ፈተና ሳምንት ላይ የኮምፒውተር ላቡ ቀጥ አለ። ቢሮውና ቤተ መጻሕፍቱ ተከተሉ። ማተሚያው እንኳ እምቢ አለ። ምክንያቱ ሲገኝ ሁለቱም ጫፉ አንድ ስዊች ላይ የተሰካ አጭር ገመድ ነበር። ገመዱ ተነቀለ፣ ሁሉም ነገር ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የላቡ ቴክኒሺያን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ማስጠንቀቂያው ያለ ቦታው ነው የገባው። አንድ የተሳሳተ ገመድ ግቢውን በሙሉ ሊጥል ከቻለ፣ ጥያቄው "ማን ሰካው?" አይደለም። ኔትወርኩ ሲገዛና ሲዘረጋ ለዚህ ነገር ምን ታስቦለት ነበር? የሚጠየቀው ይህ ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

ስዊች ማለት የኮምፒውተሮቹ ገመድ የሚሰካበት ሳጥን ነው። አንድ ኮምፒውተር ሲበራ ከሚያደርጋቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ መጮህ ነው። "አድራሻ የሚሰጠኝ ማን ነው?" ይላል። ይህ ብሮድካስት ይባላል። ስዊቹ ጩኸቱን ከመጣበት ፖርት፣ ማለትም ከመጣበት የገመድ ቀዳዳ፣ በስተቀር በሁሉም ፖርት ያሰራጫል። ሥራው ስለሆነ አንወቅሰውም። አሁን 5ኛውና 6ኛው ፖርት በአንድ ገመድ ተገናኝተዋል እንበል። በ5 የወጣው በ6 ተመልሶ ይገባል። ስዊቹ ራሱ የላከው መሆኑን አያውቅም። እንደ አዲስ ተቀብሎ እንደገና ለሁሉም ይበትነዋል። በ6 የወጣው ደግሞ በ5 ይገባል። በቃ፣ ማቆሚያ የለውም። ሉፕ የሚባለው ይህ ዙረት ነው።

ለምን አይቆምም የሚል ተማሪ ካለ ጥያቄው ጥሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚሄድ የአይፒ ፓኬት የዕድሜ ቁጥር ይዞ ነው የሚጓዘው። ብዙ ጊዜ ከ64 ወይም ከ128 ይጀምራል፤ ራውተር ባለፈ ቁጥር አንድ ይቀነስበታል፤ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። ስዊቾች የሚቀባበሉት የዳታ ጥቅል፣ የኤተርኔት ፍሬም የሚባለው፣ ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለውም። ካልነቀሉት ወይም መብራት ካልሄደ በስተቀር ሲዞር ይኖራል። የጣናን እምቦጭ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ቁራጭ ከቀረ ተመልሶ ውኃውን ያለብሰዋል። እዚህም አንድ ጩኸት ይበቃል።

ፍጥነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ የ100 ሜጋቢት ፖርት በሰከንድ እስከ 148,809 የሚደርሱ ትንንሽ ፍሬሞችን ማሳለፍ ይችላል። ሉፑ ይህን ቦታ በሙሉ ይይዘዋል። የተማሪው ጥያቄ በየት በኩል ይለፍ? ብሮድካስት ደግሞ ለሁሉም ስለሆነ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ተቀብሎ ማየት አለበት። አሮጌ ኮምፒውተሮች ማውሳቸው ሳይቀር ሲንቀረፈፍ የምታዩት ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ስዊቹ ይደናገራል። የየትኛው ኮምፒውተር ማክ አድራሻ (የኔትወርክ መለያ ቁጥሩ) በየትኛው ፖርት እንዳለ በማስታወሻው ይይዛል። ሉፕ ሲኖር ያው ኮምፒውተር አንዴ በ3፣ አንዴ በ5፣ አንዴ በ6 ይመጣበታል። ከዚያ መልእክቱን ወደማይሆን ቦታ መላክ ይጀምራል።

ምልክቶቹን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ብዙ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሚደውለው ወደ ቴሌ ነው። ከመደወላችሁ በፊት ላፕቶፕ ወስዳችሁ ከስዊቹ የተነቀለ ራውተር ላይ በቀጥታ ሰኩ። ኢንተርኔቱ ከሠራ መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ ግቢ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሮቹ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ከያዙ አድራሻ ሰጪውን አላገኙትም ማለት ነው። ይህ ብቻውን ሉፕ አለ አያሰኝም፤ ግን ያስጠረጥራል። ሁሉን አጥፍታችሁ ስታበሩ ለጥቂት ሰከንድ ሠርቶ እንደገና ቀጥ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። "ሪስታርት አድርገነው ተሻለው፣ ከዚያ መልሶ ታመመ" የሚለውን ወሬ ስሰማ እኔ ገና ባጃጅ ላይ ሆኜ ሉፕ ነው እላለሁ።

ትልቁ ምስክር የስዊቹ መብራት ነው። በደህናው ጊዜ ትንንሾቹ አረንጓዴ መብራቶች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። አንዱ ይፈጥናል፣ አንዱ ዝም ይላል። ሉፕ ሲኖር ሁሉም እኩል፣ በአንድ ላይ፣ እጅግ ፈጥነው ይርገበገባሉ። አንዳንዴ ከፍጥነቱ የተነሳ የማይጠፉ ይመስላሉ። ተማሪ በሌለበት በእረፍት ሰዓት ሄዳችሁ ይህን ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንድ ሰው የቤቱን የዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ከሰካ፣ ያ ራውተር ከዋናው ጋር እየተሻማ አድራሻ ማደል ይጀምራል። ያኔም "ኔትወርክ የለም" ይባላል። ግን መብራቶቹ አያብዱም፤ ኮምፒውተሮቹም የትምህርት ቤቱ ያልሆነ አድራሻ ይይዛሉ። ይህ ሉፕ አይደለም። ራውተሩን ንቀሉ፣ ያልቃል።

ሉፑ እንዴት ይወለዳል? እኔ የማገኘው አብዛኛውን ጊዜ በጽዳት ቀን ነው። ላቡ ሊታጠብ ጠረጴዛዎቹ ይገፋሉ። ከጠረጴዛው ሥር ባለ ስምንት ፖርት ትንሽ ስዊች አለች፤ አቧራዋ ከላይዋ፣ ከአንድ ፖርቷ የወጣ ገመድ መሬት ላይ ተጋድሟል። ድሮ ላፕቶፕ ይሰካበት ነበር፤ አሁን ባለቤት የለውም። የጽዳት ሠራተኛዋ ውኃ እንዳይነካው ያነሱትና በአቅራቢያው ባገኙት ባዶ ቀዳዳ ይሰኩታል። ቀዳዳው እዚያው ስዊች ላይ ነው። እኚህ ሴት ምን አጠፉ? የሚረገጥ ገመድ አነሱ። ገመዱን አንዱን ጫፍ ሰክቶ ሌላውን መሬት ላይ የተወው ሰው ነው ወጥመዱን ያዘጋጀው። እሱም ምናልባት ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል።

ሌሎቹ መንገዶች እነሆ፦ ሁለት ስዊቾችን "ፍጥነት ይጨምራል" ብሎ ያለ ምንም ሴቲንግ በሁለት ገመድ ማገናኘት። ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሶኬቶችን እርስ በርስ ማያያዝ። ከኋላው ሁለት ቀዳዳ ያለውን የቢሮ አይፒ ስልክ ሁለቱንም ከግድግዳ ጋር መሰካት። ዋይፋይና ገመድ አንድ ላይ ያገናኘ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱን በብሪጅ ማጣመር። በዱሮ ዕቃ ይህ ሁሉ ስህተት እንዲህ አይቀልም ነበር፤ ሁለት ስዊቾችን ለማገናኘት ውስጡ የተሻገረ ልዩ ገመድ ያስፈልግ ነበር። ያሁኖቹ ስዊቾች ገመዱን ራሳቸው ያስተካክሉታል። ምቾት ነው፤ ግን ማንኛውም ገመድ ማንኛውም ቀዳዳ ላይ ከሠራ፣ ማንኛውም ሰው ሉፕ መፍጠር ይችላል።

ወደ ፍለጋው ልምጣ። መጀመሪያ የሚከለከለው ሁሉንም ገመድ በአንዴ መንቀል ነው። ምልክት ያልተጻፈበት ሃያ አራት ገመድ ነቅሎ የሚመልስ ሰው አዲስ ሉፕ ይፈጥራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። መጀመሪያ ካቢኔቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ አንድ ላፕቶፕ ዋናው ስዊች ላይ ሰክታችሁ ወደ ራውተሩ ያለማቋረጥ ፒንግ፣ ማለትም "አለህ ወይ?" የሚል መሞከሪያ መልእክት፣ አስጀምሩ። ቋሚ አድራሻ በእጅ ስጡት፤ ካልሆነ እሱም አድራሻ ፍለጋ ይባዝናል።

አሁን ከዋናው ስዊች ወደየብሎኩ የሚሄዱትን ገመዶች አንድ በአንድ ንቀሉ። ነቅላችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ መብራቶቹንና ፒንጉን እዩ። ለውጥ ከሌለ መልሳችሁ ሰኩና ወደሚቀጥለው እለፉ። አንዱን ስትነቅሉ መብራቶቹ ረጋ ይላሉ፣ ፒንጉ መመለስ ይጀምራል። ሉፑ በዚያ ገመድ ጫፍ ነው። ገመዱን እንደተነቀለ ተዉት፤ የቀረው ትምህርት ቤት ሥራውን ይቀጥል። እናንተ ወደዚያ ብሎክ ሂዱ፣ እዚያ ያለው ስዊች ላይ ያንኑ ድገሙ። እንዲህ እያላችሁ አንድ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ ሥር ትደርሳላችሁ።

ፖርቱ ብዙ ከሆነ ግማሹን አንድ ላይ ንቀሉ። ከረጋ ሉፑ ከተነቀሉት መሃል ነው፤ ካልረጋ ከቀሩት ጋር። ሃያ አራት ፖርት በዚህ መንገድ ቢበዛ በአምስት ዙር ያልቃል። ሁለት ሉፕ በአንድ ጊዜ ካለ ግን ዘዴው ይሸውዳል። ያኔ ሁሉንም ነቅሎ አንድ በአንድ መመለስ ነው፤ ለዚህም ነው ፎቶው።

ስዊቹ ሴቲንግ የሚቀበል ዓይነት፣ ማኔጅድ የሚባለው፣ ከሆነ ሥራው ይቀላል። ሎጉን፣ ማለትም የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ገጽ፣ ክፈቱ። "ይህ ማክ አድራሻ በዚህና በዚህ ፖርት መካከል እየተመላለሰ ነው" የሚል ማስጠንቀቂያ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱን ፖርቶች በቁጥር ይነግራችኋል። በሉፕ ጊዜ የስዊቹ ገጽ በኔትወርክ በኩል ላይከፈት ይችላል፤ ስለዚህ ላፕቶፕን ከስዊቹ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘው የኮንሶል ገመድ መሳቢያ ውስጥ ይኑር። የፓስዎርዱ ነገር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው፤ እመለስበታለሁ።

መከላከያው አዲስ ነገር አይደለም። ራዲያ ፐርልማን የምትባል አሜሪካዊት ኢንጂነር ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ ስትሠራ በ1985 እ.ኤ.አ. ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን ዘዴ ፈጠረች። በ1990 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ሆነ፤ ፈጣኑ ዓይነት በ2001 መጣ። አሠራሩ ደስ ይላል። ስዊቾቹ በየሁለት ሰከንዱ አጭር መልእክት ይለዋወጣሉ። ከመሃላቸው አንድ አለቃ ይመርጣሉ። እያንዳንዱ ወደ አለቃው የሚያደርሰውን የተሻለ መንገድ ይይዝና ትርፉን መንገድ ይዘጋዋል። ገመዱ እንደተሰካ ነው፤ ግን ዳታ አያሳልፍም። ዋናው መንገድ ሲበጠስ የተዘጋው ይከፈታል።

ታዲያ ይህ ካለ ችግሩ ምንድን ነው? ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛው፣ ትምህርት ቤቶች የሚገዟቸው ርካሽ ስዊቾች ስፓኒንግ ትሪ የላቸውም። ሁለተኛው ይበልጥ ያናድደኛል። ያላቸውም ቢሆኑ "ኔትወርክ ያዘገያል" ተብሎ ይጠፋል። ወሬው መነሻ አለው። በቀድሞው ስፓኒንግ ትሪ አንድ ፖርት ከተሰካ በኋላ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል፣ ከዚያ ነው የሚከፈተው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩም ስዊቹም እኩል ይነሳሉ። ኮምፒውተሩ አድራሻ ይጠይቃል፣ ፖርቱ ገና ዝግ ነው፤ 169.254 ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ከተማ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ እናንተው ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ ይመጣና ነገሩን ከሥሩ ያጠፋዋል። ላቡ ፈጠነ ተብሎ ይመሰገናል። ኔትወርኩ ግን ያን ቀን መከላከያውን አጣ።

መፍትሔው ማጥፋት አይደለም። ኮምፒውተር ብቻ የሚሰካባቸውን ፖርቶች ፖርትፋስት አድርጉ፤ በሌሎች ኩባንያዎች ስዊች ኤጅ ፖርት ይባላል። ወዲያው ይከፈታሉ። ከእሱ ጋር ቢፒዲዩ ጋርድ የሚባለውን አብሩ። ያ ፖርት ላይ የስዊች መልእክት ከመጣ፣ ማለትም አንድ ሰው ሌላ ስዊች ከሰካ ወይም ገመዱ ዞሮ ከተመለሰ፣ ፖርቱ ራሱን ይዘጋል። የተዘጋው ፖርት ሰው እስኪከፍተው እንዲቆይ አትፍቀዱ፤ ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ራሱ እንዲሞክር ማድረግ ይቻላል። አለበለዚያ ቴክኒሺያኑ እረፍት በወጣ ቀን አንድ ክፍል ዝግ ሆኖ ይውላል።

አለቃውንም እናንተው ምረጡ። አለቃ የሚሆነው ትንሽ የቅድሚያ ቁጥር ያለው ስዊች ነው። ማንም ካልነካው የሁሉም ስዊች ቁጥር 32768 ነው፤ እኩል ሲሆኑ ትንሹ ማክ አድራሻ ያሸንፋል። ብዙ ጊዜ ያ አሮጌው ነው። ከስቶር ወጥቶ ጥግ ላይ የተሰካ ያረጀ ስዊች የግቢው አለቃ ሆኖ አይቻለሁ። ዋናውን ስዊች 4096 አድርጉት።

ጠረጴዛ ሥር ያለችው ትንሿ ስዊች ግን ይህን ቋንቋ አትናገርም። አንዳንዷ የስፓኒንግ ትሪን መልእክት ታሳልፋለች፣ አንዳንዷ ትጥላለች። ከጣለች ከላይ ያለው ስዊች ሉፑን በዚህ መንገድ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ከላይኛው ላይ ሉፕ ዲቴክሽን ካለ ይብራ፤ የራሱን መፈተሻ ፍሬም ይልካል፣ ከተመለሰበት ፖርቱን ይዘጋል። ስቶርም ኮንትሮል ካለም ይብራ፤ ብሮድካስቱ ከመጠን ሲያልፍ ይገድበዋል። ያኔ የተሳሳተው ገመድ አንድ ጠረጴዛ ወይም አንድ ክፍል ይጥላል። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አይደርስም። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፤ ስህተቱ የሚደርስበትን ርቀት ግን መወሰን ይቻላል።

ገንዘብ የማይጠይቀውን ደግሞ ነገ ጀምሩት። አንዱ ጫፉ ብቻ የተሰካ ገመድ ግቢ ውስጥ አይኑር። ከስዊች ወደ ስዊች የሚሄዱት ገመዶች በቀለም ይለዩ። በሁለቱም ጫፍ በፕላስተር ቁጥር ይጻፍ። የኔትወርኩ ንድፍ በአንድ ገጽ ወረቀት ተስሎ ካቢኔቱ በር ውስጥ ይለጠፍ። ለዚህ ሥራ ከፖሊ ካምፓስም ሆነ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች አሉ፤ ፎቶ ኮፒ ከሚያስነሷቸው ንድፉን ያስሏቸው። ከክረምት በኋላ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ። በጣና ዙሪያ ያለውን ነጎድጓድ የማያውቅ የለም። ከብሎክ ብሎክ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ መብረቅ ሲያገኘው ፖርቶች ይቃጠላሉ። መስከረም ላይ ትምህርት ሊጀመር ሲል ገመዱ በጥድፊያ ወደ ሌላ ፖርት ይዛወራል፣ ሉፑም ያኔ ይወለዳል። በብሎኮች መካከል ፋይበር ይሁን፤ መብረቁን አያስተላልፍም።

ለግዥ ክፍል አንድ ቃል። ፕሮፎርማ ላይ "ባለ 24 ፖርት ስዊች" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ርካሹ ይመጣል፤ ጥፋቱ የነጋዴው አይደለም። "ማኔጅድ፣ ፈጣኑን ስፓኒንግ ትሪ፣ ቢፒዲዩ ጋርድና ስቶርም ኮንትሮል ያለው" የሚል ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። አቅም ከሌለ ሁሉም ስዊች እንዲህ ባይሆን እንኳ ዋናው ይሁን። የዕርዳታ ዕቃ ሲመጣም ከምስጋናው ጋር ይህን ጠይቁ። ሥራውን ስትረከቡ ደግሞ ንድፉንና ፓስዎርዱን በታሸገ ፖስታ ሳትረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ። ፓስዎርዱን የዘረጋው ሰው ይዞት ሄዶ ስልኩ የማይነሳባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። የካቢኔቱ ቁልፍም ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ቴክኒሺያኑ ደጅ የሚጠናባቸው አሉ።

ወደ ማስጠንቀቂያው ልመለስ። በኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. ቦስተን ያለው ቤት እስራኤል ዲኮነስ የተባለ ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ በዚሁ በስፓኒንግ ትሪ ችግር ወደቀ። ሐኪሞቹ ለቀናት ወደ ወረቀት ተመለሱ። የኢንፎርሜሽን ኃላፊው ጆን ሃላምካ የሆነውን አልደበቀም፤ ሌሎች እንዲማሩበት በአደባባይ ተናገረ። እዚያ ባለሙያም ገንዘብም ነበር። እኛ ዘንድ አንድ ቴክኒሺያን፣ ንድፍ የሌለው ኔትወርክ፣ ቁልፉ ሌላ ቦታ ያለ ካቢኔት ይዞ ነው የሚጠየቀው።

ቅጣቱ ሌላም ጉዳት አለው። "ማን ነካው?" ተብሎ በተጮኸበት ግቢ ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን የሚናገር የለም። የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ተማሪውም፣ መምህሩም "እኔ ምንም አልነካሁም" ይላሉ። አንድ ሰው "ጠዋት ይህን ገመድ እዚህ ሰክቼ ነበር" ቢል በደቂቃ የሚያልቅ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኔ ስጠራ የመጀመሪያ ጥያቄዬ "ዛሬ ወይም ትናንት ምን ተነቃነቀ? ምን ታጠበ? ማን ቢሮ ቀየረ?" ነው። መልስ የማገኘው ማንም ካልፈራ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ላቡ ከእንግዲህ የትርፍ ሰዓት ክፍል አይደለም። ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ከሚቀጥለው ፈተና አስቀድሞ ባሉት የትምህርት ቀናት በአንዱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሆን ብላችሁ አንድ ገመድ ሁለቱንም ጫፉን አንድ ስዊች ላይ ሰኩና እዩ። ሰርቨር ላይ ሥራ የያዘ ሰው አስቀድሞ ይነገረው። ግቢው በሙሉ ቀጥ ካለ መከላከያ የላችሁም፤ ዋናውን ስዊች ማስተካከል ከዚያው ይጀመር። አንድ ፖርት ብቻ ተዘግቶ ሌላው ከቀጠለ የላባችሁን ቴክኒሺያን አመስግኑት።

ማስጠንቀቂያ የጻፉት ርዕሰ መምህር ይህን ካነበቡ ደግሞ ደብዳቤው ከልጁ የግል ማህደር እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በምትኩ የካቢኔቱ ቁልፍ ይሰጠው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የኔትወርክ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለንብረት ክፍል፣ ቁልፉን ስለሚመለከት
ለጽዳት ሠራተኞች አስተባባሪ፣ ከምስጋና ጋር